ንብ እርሾ የምትበደረው ከማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ጣዝማ ማር ባወጣነው አጭር ጽሑፍ ውስጥ «የዱር ንቦች ጤና አንጀታቸው ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ተነጥሎ አይታይም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ዓረፍተ ነገሩን ሳናብራራው በማለፋችን ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል፤ ከደረሱን መካከል አራቱን መርጠን እንደሚከተለው እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ለ30 ዓመታት ያህል ሥነ ሕይወት ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ተማሪዎቼን ባክቴሪያ በአብዛኛው የበሽታ ምንጭ እንደ ሆነ ሳስተምር ኖሬ፣ እናንተ ንብ ያለ ባክቴሪያ ጤና የላትም ስትሉ ግር ብሎኛል። እንደ ማር ያለ ጀርም የማይደፍረው ነገር የምትሠራ ፍጡር፣ አንጀቷ ውስጥ ጀርም ምን ያደርግላታል? ከየትስ ታገኘዋለች? በአካባቢያችን ልጆች ጣዝማ ቆፍረው ሲያወጡ አያለሁና፣ ነገሩ ለጣዝማም ይሠራ እንደ ሆነ ብታብራሩልኝ እወድዳለሁ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ግርታዎ ተገቢ ነው። በማር ውስጥ አብዛኛው ባክቴሪያ ሊራባ የማይችለው ስኳሩ በዝቶ ውኃው ስላነሰና አሲድነት ስላለው ነው፤ የንቧ አንጀት ግን ማር አይደለም። ከአበባ የቀሰመችውን ጣፋጭ ፈሳሽ ተሸክማ የምትመለስበት የማር ከረጢቷና ምግብ የሚልምበት መካከለኛው አንጀቷ እምብዛም ባክቴሪያ አይኖርባቸውም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጠባቡ የኋላ አንጀትና በመጨረሻ ያለው የዓይነ ምድር ከረጢት ግን ጢም ብለው የተሞሉ ናቸው፤ በአንዲት ጎልማሳ የማር ንብ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ቁጥሩ ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። እኛን የገረመን ግን ከብዛታቸው ይልቅ የዓይነታቸው ማነስ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሲገኙ፣ በሠራተኛ የማር ንብ አንጀት ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ከዘጠኝ የማይበልጡ የዝርያ ቡድኖች አባላት ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱን ቀረብ ብለን እንመልከታቸው። ስኖድግራሴላ የሚባለው ባክቴሪያ በጠባቡ የኋላ አንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ጭቃ ቤት ምርጊት ተለጥፎ ይኖራል። ከግድግዳው እየሰረገ የሚመጣውን ኦክስጅን እርሱ ስለሚጠቀምበት የአንጀቱ መካከል ኦክስጅን አልባ ይሆናል፤ ይህም ያለ ኦክስጅን ምግብ ለሚያብላሉት ጎረቤቶቹ ይመቻቸዋል። ከምርጊቱ በላይ የሚሰፍረው ጊሊያሜላ በበኩሉ ስኳር ያብላላል፤ የጽጌ ብናኝ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ፔክቲን የተባለ ሙጫ መሰል ነገር ይሰባብራል፤ እንደ ማኖስ ያሉትን፣ ንቧ ራሷ ልትጠቀምባቸው የማትችላቸውንና እንዲያውም የሚመርዟትን የስኳር ዓይነቶች ይበላላታል። ወረድ ብሎ በዓይነ ምድር ከረጢቱ ውስጥ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም ሰፍረው ከላይ ያልላመውን የጽጌ ብናኝ ቅሪት ያብላላሉ፤ ከዚህ ሁሉ ማብላላት የሚወጣው አሲድ፣ በተለይም የኮምጣጤው ዓይነት፣ ወደ ንቧ ሰውነት ይገባል። ስሞቹ ምላስ የሚያስሩ ቢመስሉም ከሰው የተወሰዱ ናቸው፤ ስኖድግራሴላ የነፍሳትን አካል አወቃቀር ላጠናው ለሮበርት ስኖድግራስ፣ ጊሊያሜላ ደግሞ አሪዞና ውስጥ የንብ ረቂቅ ተሕዋስያንን ለብዙ ዓመታት ለመረመረችው ለማርታ ጊሊያም መታሰቢያ ይሆኑ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ስለ ምግብ ነው። ስለ በሽታ መከላከል ደግሞ ነገሩን ግልጽ ያደረገው ሃውኬ ኮክ እና ፖል ሽሚድ-ሄምፔል እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ዙሪክ ውስጥ የሠሩት ባምብል ቢ በተባለችው ወፍራም፣ ጸጉራም የዱር ንብ ላይ ነው፤ ይህች ንብ ከሰሃራ በታች ስለማትገኝ በአገራችን አናውቃትም። ባምብል ቢን ክሪቲዲያ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ያጠቃታል፤ ይህ ጥገኛ በመተማና በሑመራ ቆላ ካላ አዛርን፣ በደጋው ደግሞ ቁንጭርን ከሚያመጡት ጥገኞች ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። ተመራማሪዎቹ ከጎጇቸው ለይተው ካሳደጓቸው ንቦች ለከፊሎቹ የጎጆ ባልንጀሮቻቸውን ዓይነ ምድር አቀመሱ፤ ሌሎቹን ከልክለው ሁሉንም በጥገኛው በከሉ። ዓይነ ምድር ያልቀመሱት፣ ማለትም እንደ ንጽሕና ደንብ ከሆነ ንጹሖቹ፣ በጥገኛው ክፉኛ ሲወረሩ የቀመሱት ግን እጅግ ባነሰ መጠን ተያዙ።

ከየት ታገኘዋለች ላሉት፣ መልሱ ከዚሁ ሙከራ ይወጣል። እጭ ወደ ሙሽሬነት (ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ተሸፍና ወደምትቆይበት ደረጃ) ስትለወጥ የአንጀቷን ሽፋን ከነነዋሪው ስለምትጥለው፣ ከሙሽሬነት የወጣችው አዲስ ንብ አንጀቷ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጎጆ የወጣች ሙሽራ ሊጥ አቡክታ እርሾ ብታጣ ከጎረቤት ሄዳ እንደምትበደረው ሁሉ፣ አዲሷ ንብም የመጀመሪያዋን እርሾ የምታገኘው ከእኅቶቿ፣ ከማር እንጀራው ሰምና ከዓይነ ምድራቸው ርዝራዥ ነው፤ በማር ንብ ዘንድ ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ቀናት ውስጥ አንጀቷ ሙሉ ይሆናል። የተበደረችውንም በተራዋ ለተከታዮቿ ታበድራለች። የባምብል ቢ ኅብረ ንብ የብርዱ ወራት ሲገባ አልቆ ለሚመጣው ዓመት የምትተርፈው አዲሷ ንግሥት ብቻ ስለሆነች፣ የመንደሩ እርሾ በሙሉ በእርሷ ሆድ ውስጥ ከርሞ ይወጣል።

ጣዝማን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ጣዝማ መናደፊያዋ ከማይሠራ ንቦች ወገን ስትሆን፣ ይህ ወገን ከማር ንብና ከባምብል ቢ ጋር በአንድ ሐረግ ይመዘዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት መሠረት የእነዚህ ሁሉ ቅድመ አያት ዋና ዋናዎቹን የአንጀት ነዋሪዎች የያዘችው የዛሬ 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ውርሱ በሁሉም ቤት እኩል አልተጠበቀም። በአሜሪካ አህጉር ሜሊፖና የተባሉት የማይናደፉ ንቦች ስኖድግራሴላንም ጊሊያሜላንም አጥተዋቸዋል። መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በአፍሪካ የማይናደፉ ንቦች ላይ ባወጣው ጥናትም አንዳንዶቹ ዝርያዎች የጥንቶቹን አጥተው በምትካቸው ሌሎችን እንደ ያዙ ታይቷል። ስለዚህ ከማር ንብ የተማርነውን እንዳለ ወስደን በጣዝማ ላይ መለጠፍ አይገባም፤ እርሾዋ የራሷ ነው፤ የሚተላለፍበት መንገድ ግን ያው ባልንጀርነት ነው። የማይናደፉ ንቦች አዲስ ጎጆ ሲመሠርቱ ሠራተኞቹ ከእናት ጎጆ ሰምና ምግብ እየተመላለሱ ያጓጉዛሉና፣ ልጆቹ ጎጆውን ቆፍረው ማሩን ሲያወጡ የሚቋረጠው አንድ ኅብረ ንብ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ሊወጡ ለነበሩት ጎጆዎች የሚተርፈው እርሾ ጭምር ነው። ስለ ጣዝማ ማር መድኃኒትነት የምናወራውን ያህል ስለ ባለቤቷ አለማውራታችን፣ ይህን ዓምድ ጨምሮ፣ የሚያስወቅሰን ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ዳንግላ አካባቢ በባህላዊና በዘመናዊ ቀፎ ንብ አነባለሁ። ዘንድሮ ንቦቼ ቀፎው አፍ ላይ ተቅማጥ መሰል ነገር እየጣሉ ተዳከሙብኝ። አንዱ ጎረቤቴ እርጎ በስኳር ውኃ በጥብጠህ አቅምሳቸው፣ በሆዳቸው ጥሩ ባክቴሪያ ይገባል ይለኛል፤ ሌላው ቴትራሳይክሊን ፈትተህ ስጣቸው ይለኛል። የማንን ልስማ? ደግሞስ ከማሳዬ አዋሳኝ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ለንብ አይጎዳም መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሁለቱንም ባይሰሙ ይሻላል።

እርጎውን ያሉት ጎረቤትዎ ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ በእርጎ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በንብ አንጀት ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ ጋር በእርግጥ ይዛመዳል። ነገር ግን ዝምድናው የሩቅ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ምን ያህል ቤታቸውን እንደሚመርጡ ለመረዳት አንድ ነገር እናንሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ምርምር ከባምብል ቢ የተወሰደ ስኖድግራሴላ የማር ንብ አንጀት ውስጥ ቢገባም ሊሰፍር አልቻለም፤ ከማር ንብ የተወሰደውም በባምብል ቢ ውስጥ እንዲሁ። በአንድ ስም የሚጠሩ ባክቴሪያዎች ከንብ ወደ ንብ መዛወር ካልሆነላቸው፣ ከላም ወተት የመጣው እንዴት ይሆንለታል? በውጭ አገር ለንብ ተብለው በሱቅ በሚሸጡ የባክቴሪያ ዱቄቶች ላይም ያለን ትዝብት ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ የያዙት በንብ አንጀት ውስጥ ቤተኛ ያልሆኑ ዝርያዎችን ነው። እርጎ የተቀላቀለበት ስኳር ውኃ ቀፎ ውስጥ ፈጥኖ ከመበላሸት በቀር ሌላ ፍሬ አይኖረውም።

ቴትራሳይክሊኑ ግን ከዚህ ይብሳል። በዩናይትድ ስቴትስ የዚህ መድኃኒት ወገኖች የንብ እጭን የሚያበሰብስ በሽታ ለመከላከል ለአሥርት ዓመታት ሲሰጡ ኖረዋል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የእነ ናንሲ ሞራን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳተመው፣ ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው ሠራተኛ ንቦች የአንጀት ነዋሪዎቻቸው ተመናመኑ፤ ወደ ቀፏቸው ሲመለሱም ካልተሰጣቸው ይልቅ በርካቶቹ ሞቱ፤ ሌላ ጊዜ ብዙም የማይጎዷቸው በካይ ባክቴሪያዎችም በቀላሉ አሸነፏቸው። መድኃኒቱ በሽታ አምጪውንና ጠባቂውን ለይቶ አያውቅም። ከዚህም በላይ የርስዎ ንቦች የያዛቸው ኖዜማ ከሆነ፣ ኖዜማ ከፈንገስ ወገን የሚመደብ ጥገኛ እንጂ ባክቴሪያ ስላልሆነ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። የሞቱትን ጥቂት ንቦች በንጹሕ ዕቃ ይዘው ወደ ወረዳዎ የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ቢሄዱ፣ ሆዳቸው በአጉሊ መነጽር ታይቶ በሽታው ይለያል።

የአረም መድኃኒቱን በተመለከተ «ለንብ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከንቧ ሰውነት አንጻር ብቻ የተነገረ ነው። ግላይፎሴት የተባለው፣ በብዙ የንግድ ስም የሚሸጠው ፀረ አረም፣ የሚሠራው ተክሎች አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚገነቡበትን አንድ ኢንዛይም በማገድ ነው። ይህ ኢንዛይም በእንስሳት ዘንድ የለም፤ ለዚህም ነው ንብን አይገድልም የተባለው። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን አላቸው፤ ስኖድግራሴላም አለው። ያው የቴክሳሱ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ግላይፎሴት በስኳር ውኃ ለንቦች ሰጥቶ ሲመለከት ንቦቹ ወዲያው አልሞቱም፤ ስኖድግራሴላ ግን እጅጉን ቀነሰ። ኋላ ሴራሺያ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሲጨመርባቸው፣ አንጀታቸው ያልተነካባቸው ንቦች በስምንተኛው ቀን ግማሽ ያህሉ በሕይወት ሲገኙ ግላይፎሴት ከጠጡት የተረፉት ከአሥሩ አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። የማሳው ባለቤት ጎረቤትዎ ስለሆኑ፣ አረሙ አበባ ሳያወጣ ወይም ንብ በማይሰማራበት በምሽት ሰዓት እንዲረጩ ቢነጋገሩ፣ ከሁለቱ ምክሮች ሁሉ ይልቅ ለንቦችዎ የሚበጅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ከቨርጂኒያ ነው የምጽፍላችሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ ሸምበቆ መሰል ቱቦ አስሮ በጓሮ ሰቅሏል፤ ጸደይ ሲመጣ ብቸኛ የሚባሉ ትንንሽ ንቦች እየገቡ በጭቃ ይደፍኑታል። የበረንዳችንን እንጨት ደግሞ ትልቅ ጥቁር ንብ እየበሳው አስቸገረን፤ ባለቤቴ መድኃኒት ልንፋበት ይላል። እናንተ የንብ ጤና ከአንጀቷ ባክቴሪያ ተነጥሎ አይታይም ስትሉ አንብቤ፣ የማር ንብስ ከባልንጀሮቿ ታገኘው ይሆናል፣ እነዚህ ብቸኞቹ ከማን ሊያገኙ ነው ብዬ አሰብሁ። ቱቦውን ለንጽሕና ብለን በፈላ ውኃ ብናጥበውስ?

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ከርመናል። የጠየቁት ጥያቄ የዘርፉ ተመራማሪዎችም ሲጠይቁት የኖሩት ነው።

በጭቃ የምትደፍነው ንብ እናት ሆና ልጆቿን አታይም። በቱቦው ውስጥ ጽጌ ብናኝና ጣፋጭ ፈሳሽ ለውሳ ድብልብል ታደርጋለች፤ በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ በጭቃ ግድግዳ ትከልላለች፤ ቀጥላ ሌላ ክፍል ትሠራለች። ልጆቿ በሚቀጥለው ጸደይ ሲወጡ እርሷ ከሞተች ወራት አልፈዋል። እርሾ የምታበድር እኅት በሌለችበት ቤት አበዳሪው አበባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች ከዱር ንቦችና ከአበቦች ላይ ለይተው ያወጧቸውን ሦስት አዳዲስ የላክቶባሲለስ ዝርያዎች ሰየሙ፤ አንደኛው ስሙን ያገኘው ከታላቁ የንብ ሊቅ ከቻርልስ ሚችነር ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች አንዲት ንብ አበባ ላይ ስታርፍ ይቀራሉ፤ ሌላዋ መጥታ ስትቀስም ይዛቸው ትሄድና ከድብልብሉ ጋር ይቦካሉ። የማር ንብ እርሾ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ሲሆን፣ የብቸኛዋ ንብ ግን ሁሉም ከሚቀዳው ምንጭ የተገኘ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም የአንጀቷ ነዋሪዎች እንደ ማር ንብ የታወቁና የተቆጠሩ አይደሉም፤ ከቦታ ቦታና ከወቅት ወቅት ይለዋወጣሉ።

ይለዋወጡ እንጂ አያስፈልጉም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዊስኮንሲን ውስጥ በተደረገ ሙከራ፣ በርስዎ ጓሮ ካሉት ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነች አንዲት ብቸኛ ንብ እጮቿ ረቂቅ ተሕዋስያኑ እንዲሞቱ የተደረገ ጽጌ ብናኝ ሲመገቡ ዕድገታቸው ዘገየ፤ ክብደታቸው አነሰ፤ የሚሞቱትም በዙ። ምግቡ ያው ነው፤ የጎደለው ሕያው ነገር ብቻ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው የንብ እጭ ጽጌ ብናኙን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚራባውንም ረቂቅ ነፍስ ትበላለች፤ እንዲያውም ተክል ብቻ ሳይሆን ሥጋም ተክልም በል ልትባል ይገባል እስከ ማለት ደርሰዋል። በጾም ወራት ይህን ያነበበ ሰው ስለ ንብ ምን እንደሚል እንጃ።

ወደ ቱቦው እንመለስ። በውስጡ ንብ ያለበትን ቱቦ በፍጹም በፈላ ውኃ እንዳይነኩት። ንቦቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ያረጀውን ቱቦ ጥሎ በአዲስ መተካት የተለመደ ነው፤ ሻጋታና እጅግ ጥቃቅን ተባዮች በአሮጌው ውስጥ ስለሚከማቹ ይህ መልካም ነው። አዲሱ ቱቦ ባክቴሪያ የለውም ብለው አይሥጉ፤ ንቧ ከአበባ ታመጣዋለች። የልጅ ልጅዎ ሊጨምር የሚገባው ነገር ቢኖር በቱቦው አቅራቢያ በተለያየ ጊዜ የሚያብቡ የአካባቢውን አበቦች መትከል ነው፤ አበባ የሌለበት ጓሮ ምንጭ የደረቀበት መንደር ነውና።

እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ በሁለቱ መካከል ያለች ናት። ብቸኛ ናት ትባል እንጂ እናትና ጎልማሳ ልጆቿ በአንድ ጉድጓድ አብረው የሚከርሙበት ጊዜ አለ፤ ምግብም ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበላሉ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህች ንብ ዝርያዎች አንጀት ውስጥ ያገኙት፣ ከማር ንብና ከባምብል ቢ ነዋሪዎች ጋር የሚዛመዱ፣ ከንብ ወደ ንብ ብዙም የማይለያዩ ባክቴሪያዎችን ነው። አብሮ መኖር ትንሽም ቢሆን ካለ እርሾው ይተላለፋል ማለት ነው። ስለ በረንዳው ለባለቤትዎ የምንነግራቸው ቀላል ነው፤ ይህች ንብ ቀለም ያልተቀባ እንጨት ትመርጣለችና፣ መድኃኒት ከመንፋት ይልቅ እንጨቱን ቀለም ቢቀቡት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርእይ የንብ አንጀት ባክቴሪያን በዓይኔ አይቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ቤተ ሙከራችን ያለው ማይክሮስኮፕ እና የግራም ማቅለሚያ ብቻ ነው። ይቻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ይቻላል፤ ካሰብሽውም ይቀላል። ከአንድ ንብ አናቢ ፈቃድ ጠይቀሽ ሁለት ሦስት ሠራተኛ የማር ንቦች ውሰጂና ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ እንዲሞቱ አድርጊ። ከዚያም ንቧን በአንድ ወረንጦ ደረቷ ላይ ያዢ፤ በሌላው ደግሞ የሆዷን ጫፍ፣ መናደፊያው ያለበትን የመጨረሻ ቀለበት፣ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ። አትቸኩዪ፤ ከቸኮልሽ ይበጠሳል። በዝግታ ከተሳበ አንጀቷ እንዳለ እንደ ክር ተጎትቶ ይወጣል። መናደፊያውና የመርዝ ከረጢቱ አብረው ስለሚመጡ በእጅሽ አትንኪያቸው። መካከለኛው አንጀት ወፍራምና ደንበር ደንበር ያለው ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጠባቡ ክፍል ቀጭንና አጭር ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው የዓይነ ምድር ከረጢት በጽጌ ብናኝ ቅሪት የተነሣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይነፋል።

ጠባቡን ክፍልና ከረጢቱን ለየብቻ ቆርጠሽ፣ እያንዳንዱን በአንድ ጠብታ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጨፍልቀሽ በሁለት የተለያዩ የማይክሮስኮፕ መስተዋቶች (ስላይዶች) ላይ በስሱ ቅቢው፤ አድርቀሽ በእሳት ካሳለፍሽው በኋላ ባክቴሪያዎችን በሁለት ቀለም በሚለየው በግራም ማቅለሚያው አቅልሚው። በዘይት የሚሠራው የ100 ሌንስ ያስፈልግሻል። ስኖድግራሴላና ጊሊያሜላ ግራም ኔጋቲቭ በመሆናቸው ሮዝ ቀይ ይሆናሉ፤ ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም ግራም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛሉ። በከረጢቱ መስተዋት ላይ ከባክቴሪያዎቹ እጅግ የሚተልቁ፣ ክብ ወይም እሾሃማ የሆኑ ባዶ ቅርፊቶች ታያለሽ፤ እነርሱ የጽጌ ብናኙ ገለፈቶች ናቸው። ሁለቱን መስተዋቶች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ጎብኚዎች የቀዩና የወይን ጠጁ ብዛት በየትኛው እንደሚያመዝን ራሳቸው እንዲቆጥሩ አድርጊ።